መልኳ ተለወጠ ወይስ ዓይኑ? «ከመልክ ባሻገር» የሚሉ የፍቅር ልብ ወለዶችን አስተውሎ ማንበቢያ

ባለፈው ክረምት አንዲት ጓደኛዬ ያዋስኳትን የእንግሊዝኛ የፍቅር ልብ ወለድ ጨርሳ መለሰችልኝ። «ወድጄዋለሁ፤ ግን መጨረሻው ላይ የሆነ ነገር ከነከነኝ፣ ምን እንደሆነ አላውቅም» አለችኝ። ታሪኩ የአንዲት ወፍራም ሴት ነው። ሰውየው ሳቋን ይወዳል፣ ሙያዋን ያከብራል፣ ሁሉም ነገር ደህና ይሄዳል። የመጨረሻው ምዕራፍ ላይ ግን አንድ ዓመት አልፎ እናገኛታለን። ሃያ ኪሎ ቀንሳለች። የሠርጉ ቀሚስ ልክክ ብሎባታል። እሱም በሩ ላይ ሲያያት ትንፋሹ ቀጥ አለ።

ጓደኛዬን የከነከናት ይሄ ነው። ሦስት መቶ ገጽ ሙሉ «መልክ ምንም አይደለም» ሲላት የከረመ መጽሐፍ፣ ደስታዋን ሊሰጣት ሲል መልኳን ቀየረባት።

ከዚያ ወዲህ እንዲህ ያለ መጽሐፍ ሳነሳ አንድ ጥያቄ ይዤ ነው የምገባው። የተለወጠው መልኳ ነው ወይስ ዓይኑ? ከታች ያለው እኔ የማነብበት መንገድ ነው። እርሳስ፣ አንድ ነጠላ ወረቀትና ትንሽ ትዕግሥት ይበቃችኋል። በስልክ የምታነቡ ከሆነ የማስታወሻ መጻፊያው የእርሳሱን ሥራ ይሠራል።

አንደኛ፦ ምን ዓይነት ታሪክ እንደያዛችሁ እወቁ

«ከመልክ ባሻገር» የሚባለው ታሪክ አንድ ወጥ አይደለም። ወፍራም ሴት ያለችበት አለ። ፊቱ ላይ ጠባሳ ያለበት ወንድ፣ በተሽከርካሪ ወንበር የሚሄድ ሰው፣ ቆዳዋ ላይ ለምጽ የወጣባት ሴት ያሉበት አለ። ሁለቱ ሳይተያዩ በጽሑፍ ብቻ የሚዋደዱበትም አለ። የተገላቢጦሹም አለ፤ በጣም መልከ መልካም ስለሆነ ማንም ከፊቱ አልፎ አይቶት የማያውቅ ሰው ታሪክ። ይሄን የመጨረሻውን ብዙ አንባቢ ይዘነጋዋል። እኔ ግን ከሁሉ አብልጬ እወደዋለሁ፤ ቁንጅናም አጥር ሊሆን እንደሚችል የገባኝ እንዲህ ያለ ታሪክ ሳነብ ነው።

ሁለቱን ባንድ ላይ ማየት ለሚፈልግ እ.ኤ.አ. በ2020 የወጣው የኦሊቪያ ዴድ «ስፖይለር አለርት» ጥሩ መነሻ ነው። ኤፕሪል ወፍራም ናት፤ ሥራዋ ጂኦሎጂስት ነው። ማርከስ ደግሞ ታዋቂ የቴሌቪዥን ተዋናይ ነው። ዲስሌክሲያ ስላለበት ማንበብ ሲቸግረው ያደገ ሰው ነው፤ ሕዝብ ፊት ግን ከመልኩ ሌላ ምንም እንደሌለው ሰው ሆኖ መታየትን መርጧል። እነዚህ ሰዎች ፊት ለፊት ከመገናኘታቸው በፊት ኢንተርኔት ላይ በብዕር ስም ሲጻጻፉ የቆዩ ወዳጆች ናቸው። መጀመሪያ ቃል ለቃል ተዋወቁ፣ ፊት ለፊት የተያዩት በኋላ ነው። እሷን ሰው የሚፈርዳት በሰውነቷ ነው፣ እሱንም በፊቱ። አንባቢ ሁለቱን ጎን ለጎን ሲያይ ብዙ ነገር ይገለጥለታል።

ስትመርጡ ሽፋኑን እዩ። ሽፋኑ ላይ ያለችው ሴት ታሪኩ ውስጥ ያለችውን ትመስላለች? ወፍራም ናት እየተባለ ቀጭን ሴት ከተሳለች፣ ወይም ጠባሳ ያለበት ጉንጭ ወደ ጥላው ከዞረ፣ አሳታሚው በታሪኩ አልተማመነም ማለት ነው። ይሄ የጸሐፊዋ ጥፋት ላይሆን ይችላል፤ ሽፋን በአብዛኛው አሳታሚ የሚወስነው ነገር ነው። ቢሆንም ልብ በሉት።

ሌላም አለ። በእንግሊዝኛ ከሚጻፈው ሮማንስ የመኝታ ቤቱን በር ከፍቶ የሚጽፍ አለ፣ ዘግቶ የሚያልፍ አለ። ከላይ የጠቀስኩት ከሚከፍቱት ነው። ለእህታችሁ ልጅ ልትሰጡት ካሰባችሁ አስቀድማችሁ እናንተ አንብቡት።

አንድ ነገር ደግሞ ገና ከመነሻው ይገባችሁ። በዚህ ዘውግ ሁለቱ መጨረሻ ላይ አብረው ይሆናሉ። የአሜሪካ የሮማንስ ጸሐፊዎች ማኅበር ሮማንስ ምን እንደሆነ ሲያስረዳ ሁለት ነገር ይጠይቃል፤ ፍቅሩ የታሪኩ እምብርት እንዲሆን፣ መጨረሻውም ልብ የሚያሳርፍና ተስፋ ያለው እንዲሆን። «ፍቅር እስከ መቃብር»ን እያነበበ ላደገ ሰው ይሄን መልመድ ይከብዳል፤ እኛ በእንባ የሚያልቅ ፍቅር ነው የለመድነው። እዚህ ግን «ይጋባሉ አይጋቡም?» እያላችሁ አትጨነቁ። መጨረሻው ስለታወቀ ዓይናችሁ ነፃ ነው። መንገዱን እዩ።

ሁለተኛ፦ የራሳችሁን ሚዛን ወረቀት ላይ አውጡ

መጽሐፉን ከመክፈታችሁ በፊት አሥር ደቂቃ ውሰዱ። ይሄን ደረጃ ዘልሎ የሚያልፈው ሰው ብዙ ነው፤ እባካችሁ አትዝለሉት።

ስለ መልክ ስናነብ ባዶ እጃችንን አንመጣም። ሰልካካ አፍንጫ፣ ብርሌ አንገት፣ አለንጋ ጣት፣ የወተት አረፋ የመሰለ ጥርስ፣ ተረከዘ ሎሚ፤ በዘፈንና በግጥም ጆሯችን ውስጥ የገባ ዝርዝር አለን። ዝርዝሩ ያምራል፣ እኔም እወደዋለሁ። ግን አንዲት ገጸ ባሕርይ አፍንጫዋ ደፍጣጣ ነው ሲባል ሳይታወቀን ከዝርዝሩ ላይ አንድ ነጥብ ቀንሰንባት እናልፋለን። «ቀይ ናት፣ ቆንጆ» ሲባል ስንት ጊዜ ሰምተናል? ሁለቱ ቃላት እንደ አንድ ቃል ተጣብቀው ነው የሚወጡት። ጸሐፊዋ ስለ ቆዳ ቀለም አንዲት ቃል ስትጽፍ እኛ ከቤት ይዘን የመጣነውን ሁሉ እንጨምርበታለን።

ውፍረትም እንደዚያው ነው። አክስቴ ቆየት ብላ ስታገኘኝ የመጀመሪያ ቃሏ «ወፈርሽ!» ወይም «ምነው ከሳሽ?» ነው። በእሷ አፍ «ወፈርሽ» ማለት ተመችቶሻል፣ ሰላም ነሽ ማለት ነው፤ ደስ ብሏት ነው የምትለኝ። እኔ ጋ ሲደርስ ግን ሌላ ነገር ሆኖ ይደርሳል፤ ማታ መስታወት ፊት ያቆመኛል። ያው አንድ ቃል ነው። አንድ ቤት ውስጥ እንዲህ ከተለያየ፣ ከባሕር ማዶ የመጣ መጽሐፍ ውስጥ ደግሞ እንዴት እንደሚለያይ አስቡት።

እንግዲህ ወረቀቱ ላይ ሦስት ነገር ጻፉ። ልጅ ሳላችሁ ስለ መልካችሁ ወይም ስለ ቁመናችሁ የተነገራችሁና እስካሁን ያልረሳችሁት ነገር ምንድነው? «ቆንጆ» ስትሉ ዓይናችሁ ላይ የሚመጣው ማን ነው፣ ምን ይመስላል? አጠገባችሁ ተቀምጦ ልታዩት የምትሸሹት ምን ዓይነት መልክ ነው? ሦስተኛው ጥያቄ ያማል። ለማንም አታሳዩትም፣ በእውነት መልሱት። ከዚያ ወረቀቱን አጥፋችሁ መጽሐፉ ውስጥ የገጽ ምልክት አድርጉት። ገጽ በገለጣችሁ ቁጥር እጃችሁ ላይ ይሁን።

ሦስተኛ፦ የመጀመሪያዎቹን ሃምሳ ገጾች በእርሳስ አንብቡ

ስለ ሰውነት የሚያወራ ዓረፍተ ነገር ባገኛችሁ ቁጥር ከዳር አንዲት ፊደል አድርጉ። የምትናገረው ራሷ ከሆነች «ራ»፣ የሚወዳት ሰው ከሆነ «ወ»፣ ሌላ ሰው ከሆነ «ሌ»። ቀላል ሥራ ነው። ሃምሳኛው ገጽ ላይ ስትደርሱ ፊደሎቹን ቁጠሩ። «ሌ» ከበዛ ታሪኩ የሚያወራው ስለ አካባቢው ነው፤ እናት፣ ጎረቤት፣ የሥራ ባልደረባ ምን እንደሚሉ። «ራ» ከበዛ ዋናው ጦርነት ውስጧ ነው፤ እሱ ቢወዳት ባይወዳትም እሷ ገና ራሷን አላሸነፈችም። «ወ» ብቻ ከሆነ ተጠንቀቁ። ሴቲቱ የምትታይ እንጂ የምታይ አይደለችም ማለት ነው።

ነገሩ በቅርብ እንዲታይ አንድ ምሳሌ ልስጣችሁ። እኔው የጻፍኩት ነው፣ ከየትም አልወሰድኩትም።

«ሳሮን የጋራዡን በር ገፍታ ገባች። ግራ ጉንጯ ላይ ያለው የቃጠሎ ጠባሳ በአምፖሉ ብርሃን አብለጨለጨ። ዮናስ ዓይኑን ቶሎ ወደ ሞተሩ መለሰ። ‹ካንዴላው ነው› አለች የሞተሩን ድምፅ እንደሰማች። አልተሳሳተችም።»

አምስት አጫጭር ዓረፍተ ነገሮች ናቸው። ቀስ ብላችሁ ግቡባቸው። ጠባሳው ሲያብለጨልጭ ያየው ማን ነው? ተራኪው ነው የሚመስለው፣ ግን ተራኪው የቆመው ዮናስ አጠገብ ነው፤ እኛም የምናያት በእሱ በኩል ነው። ስለዚህ ከዳር «ወ» ትጻፋለች። ቀጥሎ «ቶሎ» የምትለዋን ቃል ያዙ። ዓይኑን መለሰ ብቻ ቢባል ሥራ ላይ ነው ብለን እናልፍ ነበር። «ቶሎ» ስትገባ ግን አፍሯል፣ ወይም ደንግጧል፣ ወይም እንዳያሳፍራት ሰግቷል። የትኛው እንደሆነ ገና አልተነገረንም፤ መጽሐፉ ሊመልሰው የሚገባ የመጀመሪያው ጥያቄ ይሄ ነው። በመጨረሻ ደግሞ እሷን እዩ። እሱ ፊቷን ሲሸሽ እሷ ሞተሩን እየሰማች ነው። የእሱ ዓይን ገና ከፊቷ ሲሸሽ የእሷ ጆሮ ሥራውን ጨርሷል። ጸሐፊ እንዲህ ጎን ለጎን ስታስቀምጥ በአጋጣሚ አይደለም።

አሁን ከመቶ ሃምሳ ገጽ በኋላ ይሄን አገኛችሁ እንበል።

«ሳሮን ስትስቅ ጠባሳው ወደ ላይ ይሳባል፤ ግራ ዓይኗም ትንሽ ጠበብ ይላል። ዮናስ ጠዋት ጠዋት ቀልድ የሚፈልገው ያቺን ዓይን ለማየት እንደሆነ ያወቀው ያን ቀን ነው።»

ጠባሳው የትም አልሄደም። አልደበዘዘም፣ በሜካፕ አልተሸፈነም፣ በሐኪም አልተነሳም። እንዲያውም ከበፊቱ ይልቅ ጎልቶ ተጽፏል። የተለወጠው የሚያይበት ዓይን ነው። በፊት ቶሎ የሚሸሽ ዓይን አሁን ጠዋት ጠዋት የሚጠብቅ ዓይን ሆኗል። እንዲህ ዓይነት ሁለት ቦታ መጽሐፉ ውስጥ ካገኛችሁ፣ አንዱን መጀመሪያ አካባቢ፣ አንዱን መሐል ላይ፣ የገጾቹን ጫፍ አጠፍ አድርጉ። ያ ጸሐፊ ቃሉን ጠብቋል። ሁለተኛው ቦታ ላይ ጠባሳው ጭራሽ ካልተነሳስ? ይሄም አንድ ማምለጫ ነው። ሰውየው መልኳን ለምዶት ሳይሆን ጸሐፊው ረስቶት ሊሆን ይችላል፣ ወይም እንድንረሳው ፈልጎ። ሁለቱ አንድ አይደሉም።

አራተኛ፦ «ቢሆንም»ን ቁጠሩ

ከሁሉ በላይ የሚጠቅመኝ ዘዴ ይሄ ነው፤ ያገኘሁትም ከመጽሐፍ ሳይሆን ከሽምግልና ወሬ ነው።

በእኛ ቤት ለወንድ ልጅ ሴት ሲታጭ «መልኳ እንኳን እዚህ ግባ የሚባል አይደለም፣ ግን ጠባይዋ!» ይባላል። የሚናገሩት ሰዎች በቅንነት ነው የሚሉት፤ እያመሰገኗት ነው። ግን ዓረፍተ ነገሩን እስቲ በእሷ ጆሮ ስሙት። መጀመሪያ ተቀጣች፣ ከዚያ ይቅርታ ተደረገላት። «መልከ ጥፉን በስም ይደግፉ» የሚለው ተረትም ሥራው ይሄው ነው፤ መልክ ሲጎድል በሌላ ነገር ይደገፋል ይላል፣ መልክ ጎደለ የሚለውን ፍርድ ግን አንድም ሰው ሲጠይቅ አትሰሙም።

ብዙ የፍቅር ልብ ወለድ ሳይታወቀው የሚጻፈው በዚህ ሰዋስው ነው። «ወፍራም ብትሆንም ወደዳት።» «ፊቱ የተበላሸ ቢሆንም ልቡ ወርቅ ነው።» በእንግሊዝኛ የምታነቡ ከሆነ ያንኑ ሥራ የሚሠራውን ቃል ፈልጉ። ባገኛችሁት ቁጥር አክብቡት። ከዚያ ዓረፍተ ነገሩን ያለ «ቢሆንም» መልሳችሁ ጻፉት። «ወፍራም ናት። ወደዳት።» ሁለት ዓረፍተ ነገር ሆነ፤ መሐላቸው ይቅርታ የለም። የልዩነቱ ስፋት ይታያችኋል።

እዚህ ላይ ብዙ አንባቢ የሚሳሳትበት ነገር አለ፣ ስለዚህ ትንሽ ልቆይበት። «ከመልክ ባሻገር ማየት» ማለት ሰውነትን አለማየት አይደለም። «እኔ የወደድኩት ውስጧን ነው» የሚል ገጸ ባሕርይ ሲመጣ ወዲያው አታጨብጭቡ። ሴቲቱ ሰው ናት፤ እጇ እንዲያዝ፣ አንገቷ ሥር እንድትሳም፣ እንድትናፈቅ ትፈልጋለች። ውስጧን ብቻ የሚወድ ሰው ውጯን ታግሶ ነው የሚኖረው። ትዕግሥት ደግሞ ለሚታገሡት ሰው ከባድ ስድብ ነው፤ በየቀኑ የሚሰማ ዝምተኛ ስድብ። በደንብ የተጻፈ ልብ ወለድ ይሄን ያውቃል። ወፍራም ሴት ካለችበት ሰውየው ወገቧን ሲያቅፍ እጁ የደረሰበትን ቦታ ሳይደብቅ ይጽፋል፤ ወንበር ላይ የተቀመጠ ሰው ካለበት ሁለቱ ለመሳሳም ማን ዝቅ እንደሚል፣ ወንበሩ የት እንደሚቆም ይጽፋል። ሰውነቱ አለ፣ ይነካል፣ ይፈለጋል። እንዲህ ያለ ቦታ ስታገኙ ከዳር ምልክት አድርጉ። እኔ ኮከብ ነው የማደርገው።

ስለ ቃላትም አንድ ነገር። በቅርብ ዓመታት በእንግሊዝኛ የሚጻፉ ልብ ወለዶች ውስጥ ወፍራም ሴት ስለ ራሷ ስታወራ «ፋት» የሚለውን ቃል በቀጥታ ስትጠቀም ታገኛላችሁ። ራሷን እየሰደበች አይደለም። ሲሰድቧት የኖሩበትን ቃል መልሳ የራሷ አድርጋ፣ እንደ «ረጅም» ወይም «አጭር» ተራ ቅጽል አድርጋ እየተናገረች ነው። በልባችሁ ስትተረጉሙት «ሞላ ያለች» እያላችሁ አታለሳልሱት። «ወፍራም» በሉት። ካስቸገራችሁ መጽሐፉ ውስጥ የታጠፈችውን ወረቀት ክፈቱና ሦስተኛውን መልሳችሁን አንብቡ።

አምስተኛ፦ የመስታወቱን ቦታ ፈልጉ

እንዲህ ያለ ታሪክ ሁሉ ማለት ይቻላል ገጸ ባሕርይዋ ራሷን የምታይበት ቦታ አለው። መስታወት ሊሆን ይችላል፣ የሱቅ መስኮት ወይም የስልክ ካሜራ ሊሆን ይችላል። ያንን ገጽ ቁጥር ጻፉ። ከዚያ ዘመናዊ ሮማንስ በአብዛኛው አንድ ምዕራፍ በእሷ፣ አንድ ምዕራፍ በእሱ እየተፈራረቀ ስለሚሄድ፣ እሱ ለመጀመሪያ ጊዜ ትኩር ብሎ ያየበትን ገጽ ፈልጉ። ሁለቱን ጎን ለጎን አንብቡ። እሷ ስለ ክንዷ ምን አለች? እሱ ስለዚያው ክንድ ምን አለ? አንዳንዴ እሷ ለግማሽ ገጽ ያማረረችበትን ነገር እሱ ጭራሽ አላየውም። አንዳንዴ ደግሞ አይቶታል፣ ግን ስም ሰጥቶት አያውቅም።

መጨረሻ አካባቢ ሁለተኛ የመስታወት ቦታ ካለ እሱንም ያዙ። እዚያ ላይ ጥያቄው ቀላል ነው። አሁን ራሷን የምታየው በማን ዓይን ነው? እሱ ስለወደዳት ብቻ ራሷን ከወደደች፣ እሱ አንድ ቀን ቢያኮርፍ ምን ይውጣታል? እኔ የምመርጠው እሷ ከእሱ በፊት፣ ወይም ቢያንስ እሱ በሌለበት ክፍል ውስጥ፣ ከራሷ ጋር የምትታረቅበትን መጽሐፍ ነው።

ስድስተኛ፦ መጨረሻውን ፈትኑ

እዚህ ላይ ሥሩን ማወቅ ይረዳል። ይሄ ዓይነት ታሪክ ዛሬ የተፈጠረ አይደለም። የቆንጆዋና የአውሬው ተረት እ.ኤ.አ. በ1740 በፈረንሳይ በረጅሙ ተጻፈ፤ ዛሬ ዓለም የሚያውቀው አጭሩ መልክ በ1756 ወጣ። ልጅቷ አውሬውን እንደ አውሬነቱ ትወደዋለች፤ በወደደችው ቅጽበት ግን መልከ መልካም ልዑል ይሆናል። ፍቅሯ በመልክ ተከፈላት። ጓደኛዬን የከነከናት የሠርግ ቀሚስ ከተሰፋ ከሁለት መቶ ስድሳ ዓመት በላይ ሆኖታል።

ሌላው መንገድ የሻርሎት ብሮንቴ «ጄን ኤር» ነው፣ 1847። ጄን ትንሽዬ ናት፣ መልኳም እዚህ ግባ የማይባል። ሮቸስተርም ቆንጆ አይደለም፤ እንደውም «መልከ መልካም ነኝ?» ብሎ ሲጠይቃት ሳታቅማማ አይደለህም ትለዋለች። መጨረሻ ላይ በእሳት አደጋ አንድ እጁንና የዓይኑን ብርሃን ያጣል። እሷ ወደ እሱ የምትመለሰው ያኔ ነው። በኋላ ባንድ ዓይኑ በመጠኑ ማየት ይጀምራል፤ ቆንጆ ግን አልሆነም፣ እሷም አልሆነችም። ዛሬ የምታነቡት መጽሐፍ ከነዚህ ከሁለቱ የማን ልጅ ነው?

ለመፈተን የመጨረሻዎቹን ሠላሳ ገጾች ብቻ ያዙ። ኪሎ ቀነሰ? ጠባሳ በቀዶ ሕክምና ተነሳ? የማይራመደው ሰው ተነሥቶ ሄደ? መነጽር ወልቆ፣ ጸጉር ተፈትቶ፣ ክፍሉ ሁሉ አፉን ከፈተ? ከነዚህ አንዱ ካለ ቀጥላችሁ ጠይቁ። ያ ለውጥ ባይኖር ፍጻሜው ያው ይሆን ነበር? አዎ ከሆነ መጽሐፉን ይቅር በሉት። ሰው ኪሎ ይቀንሳል፣ ይታከማል፣ ይሄ የሕይወት ነገር ነው። ደስታው ያለዚያ ለውጥ የማይቆም ከሆነ ግን መጽሐፉ እየተናገረ የመጣውን ቃል አጥፏል፤ በእርሳስ ያደረጋችኋቸው ምልክቶች ማስረጃችሁ ናቸው።

ሌላም መፈተኛ አለ፣ እሱን በአጭሩ ልበለው። ሰውየው እንድትወዱት የተደረገው በምኑ ነው? ሴቲቱ ተራ መልክ ኖሯት እሱ ግን ሰፊ ትከሻ፣ የተሳለ አገጭ፣ ስድስት የሆድ ጡንቻ ካለው፣ መጽሐፉ ከመልክ ባሻገር እንዲያይ የጠየቀው እሱን ብቻ ነው። እሷንና እኛን አልጠየቀም። በ«ስፖይለር አለርት» ውስጥ ማርከስ ቆንጆ መሆኑ የሚያስኬደው ቁንጅናው ራሱ እንደ ችግር ስለተያዘ ነው። በብዙ መጽሐፍ ግን እንዲሁ ሽልማት ሆኖ ነው የሚቀመጠው።

ሰባተኛ፦ ከሰው ጋር አንብቡት

ብቻችሁን ካነበባችሁት ግማሹን ነው ያነበባችሁት። ሦስት ወይም አራት ሰው ይበቃል። ከዚያ ከበዛ ዝም የሚል ሰው ይኖራል፤ ስለ መልክ በሚደረግ ወሬ ላይ ደግሞ ብዙ የሚናገረው ያለው ብዙውን ጊዜ ዝም የሚለው ነው።

ቡናው ሲፈላ አንድ ሰው አንድ ገጽ ድምፅ አውጥቶ ያንብብ። ሌሎቻችሁ ዓይናችሁን ጨፍኑ። እኛ በጆሮ ሰው መውደድን የምናውቅ ሰዎች ነን። ወጋየሁ ንጋቱ «ፍቅር እስከ መቃብር»ን በሬዲዮ ሲተርክ ሰብለ ወንጌልን ማንም አላያትም፤ እያንዳንዱ ቤት ግን የራሱ ሰብለ ነበረችው። ካነበባችሁ በኋላ እያንዳንዳችሁ ገጸ ባሕርይዋ ምን ትመስል እንደነበር ተናገሩ። ጸሐፊዋ ወፍራም ናት ብላ እየጻፈች በሐሳባችሁ ያቀጠናችኋት እንዳላችሁ ታገኛላችሁ። እኛ ጋ ሦስታችን አቅጥነናት ነበር። አራተኛዋ ብቻ ናት እንደተጻፈችው ያየቻት፤ እሷም ያኔ ነው ስለ ራሷ ያወራችው።

አንድ ደንብ አድርጉ፣ ከመጀመራችሁ በፊት በቃል ተነጋገሩበት። የተቀመጠው ሰው መልክ ለምሳሌ አይጠቀስም። «እንደ አንቺ ማለት ነው» አይባልም፣ በመልካም ቢሆን እንኳን። ሰው ስለ ራሱ ሊያወራ ከፈለገ ራሱ ያነሳዋል። ካነሳው ደግሞ «ኧረ አንቺ ቆንጆ ነሽ!» ብላችሁ ቶሎ አትዝጉት። ይሄ ልማድ አለብን፤ ለማጽናናት ብለን ነው፣ ግን አፉን ነው የምናስይዘው። ዝም ብላችሁ ስሙ፣ ቡና ቅዱላት።

ለወሬ መነሻ የሚሆኑ ጥያቄዎች ብዙ አያስፈልጉም። እኔ የማነሳው ሁለት ነው። ይሄ ሰው እሷን መውደድ የጀመረው የትኛው ገጽ ላይ ነው? ሁሉም የራሱን ገጽ ቁጥር ይጥራ፤ መለያየታችሁ አይቀርም፣ ክርክሩም እዚያ ላይ ይሞቃል። ሁለተኛው ደግሞ፣ የሰውነቷን ገለጻ ሁሉ በጣታችሁ ብትሸፍኑት ለምን እንደወደዳት መናገር ትችላላችሁ? ገለጻውን መልሳችሁ ብትገልጡትስ ፍቅሩ ይጨምራል ወይስ ይቀንሳል?

ስትለያዩ ወረቀታችሁን ከመጽሐፉ ውስጥ አውጡ። ሦስቱን መልሶች አንብቡና፣ ከሥር ቀኑንና የመጽሐፉን ስም ጽፋችሁ፣ የሚጨመር ካለ ጨምሩ። የሚሰረዝ ካለ ሰርዙ፤ ግን አጥቁራችሁ አትሰርዙት፣ በአንድ መስመር ብቻ፣ በፊት ምን እንዳላችሁ እንዲነበብ። ጓደኛዬ የራሷን አሳይታኛለች። ሦስተኛው መልስ ላይ መስመር አለ፣ አጠገቡ ገጽ 212 ይላል። እኔም ያንን ገጽ ከፍቼ አነበብኩት። መጽሐፉን ለሌላ ሰው ስታውሱ እርሳሱን አታጥፉት፤ ወረቀቱ ግን የእናንተ ነው፣ በሚቀጥለው መጽሐፍ ውስጥ አስገቡት።